የተሰረዘው ጉንዳን፦ አንድ መሐንዲስ የቤት ኢንስፔክተር ፈቃድ እስኪያገኙ

ከሲያትል በስተ ደቡብ፣ ሬንተን ውስጥ፣ አንድ ቤት ወለል ሥር በሆዳችን ተኝተናል። ከመሬቱ እስከ ወለሉ ተሸካሚ እንጨት ያለው ክፍተት ግማሽ ሜትር ቢሞላ ነው። ከጎኔ ስልሳ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሰው ነጭ ቱታ ለብሰው፣ ግንባራቸው ላይ ባትሪ አስረው አንዱን ተሸካሚ በወስፌ ይወጋሉ። ወስፌው ያለ ምንም ትግል እስከ እጀታው ገባ። ከእንጨቱ ሥር ደቃቅ ብናኝ ተከምሯል።

«ጉንዳን ነው» አሉኝ። «ጉንዳን በልቶታል። ይጻፍ።»

«ጋሼ፣ ጉንዳን ብለን መጻፍ አንችልም።»

ዝም አሉ። ከበላያችን የቤቱ ባለቤት ሲራመድ ወለሉ ይንቋቋል። በመጨረሻ «በዓይኔ እያየሁት?» አሉ።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ እኚህ ሰው ናቸው። ስማቸውን አልጽፍም፤ «ታሪኩን ጻፈው፣ ስሙን ግን ተወው» ብለውኛል። ወዳጆቻቸው ሁሉ «ኢንጂነር» ይሏቸዋል፤ እኔም እንደዚያው እላለሁ። እኔ ፈቃድ ካገኘሁ ዘጠኝ ዓመት የሆነኝ የቤት ኢንስፔክተር ነኝ፤ ቤት ከመገዛቱ በፊት ፈትሾ ያየውን ለገዢው በሪፖርት የሚጽፍ ማለት ነው። አንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን ለመስክ ሥልጠና ከሚመድብባቸው ሰዎች አንዱ ስለነበርኩ አማርኛ ተናጋሪ ሲመጣ ወደ እኔ ይላክ ነበር። ከእሳቸው በፊት የመጡት ሁሉ ወጣቶች ናቸው። ወጣትን «ይህ ስህተት ነው፣ ድገመው» ማለት ቀላል ነው። እኔ ፊደል ስቆጥር ሕንፃ ላይ ቆመው አርማታ ያስሞሉ የነበሩ ሰው ሲሆኑ ግን ነገሩ ይከብዳል። ይህ ክብደት ከጉዳዩ ውጭ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ እንደታየው የጉዳዩ ግማሽ እሱ ነበር።

ኢንጂነሩ አምስት ኪሎ ሲቪል ምህንድስና ተምረው ከሃያ ዓመት በላይ ሕንፃ ሲያሠሩ ኖረዋል። ፌሮ፣ ሶሌታ፣ ብሎኬት፣ ዓለማቸው ይህ ነበር። አሜሪካ ከመጡ በኋላ ሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ያሽከረክራሉ። ልጃቸው ቤት ስትገዛ አብረዋት ሄዱ። አንድ ሰው መሰላልና ባትሪ ይዞ መጥቶ ሦስት ሰዓት ያህል ቤቱን ሲዞር ዋለና የተከፈለው ገንዘብ እሳቸው በሁለት ቀን ከሚያገኙት በለጠ። «ይህንንማ እኔም እሠራዋለሁ» አሉ። ይህን አነጋገር ከብዙ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ። አብዛኛው ሰው ተናግሮት ይተወዋል፤ እሳቸው በሳምንቱ ትምህርት ቤት ተመዘገቡ።

ዋሽንግተን ስል ዋና ከተማዋን ሳይሆን በምዕራብ ጫፍ ያለችውን ግዛት ማለቴ ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ነው፤ የቤት ኢንስፔክተር ፈቃድ በአሜሪካ የፌዴራል ጉዳይ ስላልሆነ እያንዳንዱ ግዛት የራሱ መንገድ አለው። ካሊፎርኒያ፣ ኮሎራዶ፣ ጆርጂያና ሚኒሶታ ከነጭራሹ ፈቃድ አይጠይቁም፤ ትናንት ሌላ ሥራ ላይ የነበረ ሰው ዛሬ ካርድ አሳትሞ መጀመር ይችላል። ሜሪላንድ 72 ሰዓት ትምህርትና የቤት ኢንስፔክተሮችን ብሔራዊ ፈተና ትፈልጋለች። ቨርጂኒያ ደግሞ ከትምህርቱ ሌላ በባለሙያ ክትትል የተደረጉ ፍተሻዎችን ትቆጥራለች። እናም ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ዘመድ በስልክ የሚሰጠው ምክር፣ በቅን ልቦና ቢሆንም፣ ሲያትል ላይ አይሠራም። ኢንጂነሩንም ጆርጂያ፣ አትላንታ ያለ የድሮ የሥራ ባልደረባቸው «ምን ፈቃድ አለ፣ ዝም ብለህ ጀምር» ብሏቸው ነበር። ሰውየው አልዋሸም፤ ያለው አትላንታ ነው።

ዋሽንግተን ሕጉን ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2009 ጀምሮ ያለ ፈቃድ ቤት መፈተሽ ብቻ ሳይሆን «እፈትሻለሁ» ብሎ ማስተዋወቅም ክልክል ሆነ። ለፈቃዱ የሚፈለገው በአጭሩ ይህ ነው፦ ዕውቅና ባለው ትምህርት ቤት 120 ሰዓት የክፍል ትምህርት፣ ፈቃድ ባለው ኢንስፔክተር ሥር 40 ሰዓት የመስክ ሥልጠና፣ በሥልጠናው ውስጥ ቢያንስ አምስት ቤት ፈትሾ አምስት ሪፖርት መጻፍ፣ ከዚያ ብሔራዊው ፈተናና የግዛቱን ሕግ የሚመለከተው ተጨማሪ ክፍል። ማመልከቻና ክፍያው ይከተላል።

ኢንጂነሩ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው፣ ማንም እንደሚገምተው፣ ዲግሪያቸው ስንት ሰዓት እንደሚቀንስላቸው ነበር። ምንም አልቀነሰም። ሕጉ እዚሁ ግዛት ፈቃድ ያለው መሐንዲስ በራሱ ሙያ ሲሠራ አይነካውም፤ የአዲስ አበባ ዲግሪ ግን ያ ፈቃድ አይደለም። ተቆጡ። በልቤ ከእሳቸው ጋር ነበርኩ፤ ሙሉ ሕንፃ ያቆመ ሰው የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ ለመመልከት 120 ሰዓት ክፍል ውስጥ ይቀመጥ መባሉ ስድብ መሰለኝ። አሁን እንዲህ አላስብም።

የክፍሉን ትምህርት ቀን ቀን ተምረው ማታ ማታ ታክሲ እየነዱ ጨረሱት። ያስቸገራቸው እንጨት ነው። እዚህ አገር የመኖሪያ ቤት ዓይነተኛ አካል አርማታ ሳይሆን በየ16 ኢንቹ የቆመ ቀጭን እንጨት ነው። የእንጨቱ ስም «ሁለት በአራት» ሆኖ ሲለካ አንድ ተኩል በሦስት ተኩል ኢንች ሲመጣ አስተማሪውን ተሟገቱት። «ስሙና ልኩ የማይገናኝ ዕቃ ይዘው አገር ይሠራሉ?» እያሉ ለእኔም ነግረውኛል። ሚሊሜትር የለመደ ጭንቅላት የስምንት ክፍልፋይና የአሥራ ስድስት ክፍልፋይ ኢንች ሲደምር ማየት ያሳዝናል።

እንጨት ቤት ውስጥ ደግሞ ጠላቱ ጭነት አይደለም፤ ውኃ ነው። ይህን ከመጽሐፍ ያነበቡት ቢሆንም የገባቸው በሌላ በኩል ነው። አንድ ቀን መኪና ውስጥ ቡና እየጠጣን ስለ እናታቸው ቤት ነገሩኝ፤ የገጠር ጭቃ ቤት ነበር። ቋሚዎቹ የሚበሰብሱት ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ከአፈሩ ልክ ትንሽ ከፍና ዝቅ ብሎ። አጎታቸው አዲስ ቋሚ ከመትከሉ በፊት ያንን ቦታ የተቃጠለ የመኪና ዘይት ይቀባው ነበር። «አፈር እንጨት እንዳይነካ ነው ለካ ነገሩ ሁሉ» አሉ። ከአምስት ኪሎው ዲግሪ ይልቅ የእናታቸው ቤት ለዚህ ሥራ ይበልጥ ጠቀማቸው ብል አልተሳሳትኩም።

ወደ ሬንተኑ ቤት ልመለስ። የመጀመሪያው ሪፖርታቸው በዚያው ማታ በኢሜይል ደረሰኝ። ስለዚያ ጥግ የጻፉት ሦስት ዓረፍተ ነገር ነበር፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ «በደቡብ ምሥራቅ ጥግ ያለው የወለል ተሸካሚ በጉንዳን ተበልቷል። የቀረው የመሸከም አቅም 60 በመቶ ያህል ነው። ጎኑ ላይ አዲስ እንጨት ቢታሰርለት ቢያንስ 20 ዓመት ያገለግላል።»

እንደ መሐንዲስ አስተያየት ቆንጆ ነው። እንደ ኢንስፔክተር ሪፖርት ግን ሦስቱም ዓረፍተ ነገሮች መሰረዝ ነበረባቸው።

ጉንዳኑን እንይ። የዋሽንግተን ሕግ እዚህ ላይ ግልጽ ነው፤ የተባይ ኢንስፔክተር ፈቃድ የሌለው የቤት ኢንስፔክተር በሪፖርቱ መጥቀስ የሚችለው መበስበስንና እንጨት ለሚያጠፉ ነፍሳት የተመቸ ሁኔታን ብቻ ነው። ነፍሳቱን በስማቸው መጥራትም ሆነ ጉዳቱ የእነሱ ነው ማለት ሌላ ፈቃድ ይጠይቃል፤ እሱን የሚሰጠው ደግሞ የግዛቱ የግብርና መሥሪያ ቤት ነው። የቤት ኢንስፔክተሩ ያየውን ሁኔታ ጽፎ ወደዚያ ባለሙያ ይመራል። እኔ ይህ ፈቃድ ስለሌለኝ በእኔ ሥር የሚጻፍ ሪፖርትም ጉንዳን ሊል አይችልም። ኢንጂነሩ «ታዲያ ውሸት ልጻፍ?» አሉኝ። አይደለም፤ ያላረጋገጡትን አይጻፉ ነው። ብናኝ አይተዋል፤ ጉንዳን አላዩም። ለረጅም ጊዜ አሰቡና «ብናኝ ነው ያየሁት» አሉ። በሥልጠናው ውስጥ የመጀመሪያው እውነተኛ ትምህርት ይህ ይመስለኛል፤ ያስተማራቸውም እኔ ሳልሆን ብናኙ ነው።

60 በመቶው ከየት መጣ? ከልምድ። አልተሰላም፣ ሊሰላም አይችልም፤ ፍተሻው በዓይን የሚደረግ፣ ቤቱን የማያፈርስ ነው። 20 ዓመቱ ደግሞ ትንቢት ነው። ገዢው በ12ኛው ዓመት ወለሉ ቢሰምጥበት ያቺን ቁጥር ይዞ ይመጣል።

ከጻፉት ይልቅ ያስደነቀኝ ያልጻፉት ነው። መሬቱን ሊሸፍን የሚገባው ጥቁር ፕላስቲክ ግማሹ ቦታ ላይ አልነበረም። የጣሪያው ውኃ መውረጃ ቧንቧ እዚያው ጥግ ላይ ያፈሳል። አፈሩ ተንዶ እንጨቱን ነክቷል። ሁሉንም አይተዋል፤ ሥር ሆነን አንድ በአንድ አሳይተውኛል። ለምን እንዳልጻፉት ስጠይቃቸው «ይህማ የታወቀ ነው» አሉ። ለማን ነው የታወቀው? ሪፖርቱን የሚያነበው ገዢ ሆስፒታል ውስጥ የምትሠራ ነርስ ነበረች።

ይህን ሁሉ ለአንድ ጋሼ እንዴት ይነግሩታል? ቀይ ቀለም ተጠቅሜ መመለስ አልደፈርኩም። መጀመሪያ ላይ አለሳልሼ፣ «ምናልባት እዚህ ጋ» እያልኩ ሞከርኩ፤ እሳቸውም በትህትና ሰምተው ምንም ሳይቀይሩ መለሱልኝ። ሁለታችንም ተከባብረን ሥራው ቆመ። መፍትሔው ከባለቤታቸው መጣ። ቤታቸው ለቡና በተጠራሁበት ቀን ሪፖርቱን ጮክ ብለው በአማርኛ እየተረጎሙ እንዲያነቡላቸው ጠየቅኳቸው። ባለቤታቸው ስኒ እያጠቡ አዳመጡና «እሺ፣ ታዲያ ሴትየዋ ምን ታድርግ?» አሉ። ኢንጂነሩ መልስ አልነበራቸውም። ከዚያ በኋላ አንድም ሪፖርት እኔ አላረምኩም ማለት ይቻላል። ሁሉም በቡና ሰዓት ይነበባል፤ «ታዲያ ምን ታድርግ?» ወይም «የት ጋ ነው?» የሚል ጥያቄ ከመጣ ዓረፍተ ነገሩ አላለቀም ማለት ነው።

የሬንተኑ አንቀጽ ሦስት ጊዜ ተጽፎ እንዲህ ሆነ፦ «ከወለሉ ሥር፣ በደቡብ ምሥራቅ ጥግ፣ አንድ ተሸካሚ እንጨት በስብሷል፤ ወስፌ በቀላሉ ይገባበታል። አፈር እንጨቱን ነክቷል፤ መሬቱ በከፊል በፕላስቲክ አልተሸፈነም፤ የጣሪያው ውኃ እዚያው ጥግ ላይ ይፈሳል። ከእንጨቱ ሥር ብናኝ ታይቷል። ሁኔታው እንጨት ለሚያጠፉ ነፍሳት የተመቸ ስለሆነ ፈቃድ ያለው የተባይ ኢንስፔክተር እንዲያየው፣ ፈቃድ ያለው ተቋራጭም የጉዳቱን መጠን ገምግሞ የጥገናውን ዋጋ ከግዢው በፊት እንዲያሳውቅ እንመክራለን።» ረዘመ፣ ግን ነርሷ በማግስቱ ለማን እንደምትደውል ታውቃለች።

ሁለተኛው ኬንት ውስጥ ያለ አዲስ ቤት ስለነበር ብዙ የሚነገርለት የለም። የደረጃውን መከላከያ ክፍተት ለኩ፤ ከአራት ኢንች በልጦ አገኙት፤ ሕፃን ሊያልፍበት ይችላል ብለው ጻፉ፤ አለፈ።

ሦስተኛው ሲያትል ውስጥ በ1920ዎቹ የተሠራ ቤት ነው፤ ይህን ቤት ወደዱት። ከኮርኒሱ በላይ ሲወጡ ነጫጭ የሸክላ እንክብሎች ላይ የተወጠሩ ሽቦዎች አዩና ጠሩኝ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በተሠሩ ቤቶች የሚገኝ የኤሌክትሪክ መስመር ነው፤ ሁለቱ ሽቦዎች ተራርቀው በአየር ውስጥ ስለሚሄዱ ሙቀታቸው በአየሩ ይበርዳል። በዚያ ቤት ግን አንድ ሰው ለሙቀት ብሎ የጥጥ መሰል መሸፈኛ ከላዩ ነስንሶበታል፤ ሙቀቱ መውጫ አጥቷል። ይህን ያለ እኔ እርዳታ ራሳቸው ደረሱበት። ምድር ቤት ስንወርድ ግን የድሮው መሐንዲስ ተመለሰ። የቤቱ የታችኛው እንጨት ከመሠረቱ ጋር በብሎን አልታሰረም። ሲያትል ደግሞ የመሬት መንቀጥቀጥ አገር ናት፤ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2001 የኒስኳሊው መንቀጥቀጥ 6.8 ሆኖ ተለክቷል። ኢንጂነሩ «ቤቱ በመንቀጥቀጥ ይወድቃል» ብለው ጻፉ። ባለቤታቸው ቡና ላይ ሰምተው «እስካሁን ለምን አልወደቀም ታዲያ?» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ 2001ን አልፎ ቆሟል። ተስተካክሎ «በሚታየው ቦታ ሁሉ ቤቱን ከመሠረቱ ጋር የሚያስር ብሎን አልታየም፤ በመንቀጥቀጥ ጊዜ ከመሠረቱ ሊንሸራተት ይችላል፤ በመስኩ ልምድ ያለው ባለሙያ ይየው» ሆነ። የውኃ ማሞቂያው በላይና በታች በብረት ቀበቶ መታሰሩንም አረጋግጠው መዘገቡ።

አራተኛው ቤት ላይ ወደቁ። ማለቴ ተሳሳቱ፤ ሥልጠና ላይ መውደቅ ይፈቀዳል። የጣሪያው የውስጥ ጣውላ አንድ ቦታ ላይ ጠቁሮ ሻግቷል። ከላይ ውኃ ያስገባ መስሏቸው ጣሪያው ላይ ወጥተው ፈለጉ፤ ቀዳዳ የለም። «ምክንያቱ ያልታወቀ እርጥበት» ብለው ሊጽፉ ሲሉ «ጋሼ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ማራገቢያ የሚተነፍሰው ወዴት ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ተመልሰው ወጡ። ከሩብ ሰዓት በኋላ አቧራ ለብሰው ወረዱና ምንም ሳይናገሩ በጣታቸው ወደ ላይ አመለከቱ። የማራገቢያው ቱቦ ወደ ውጭ መውጣት ሲገባው ተላቅቆ እዚያው ጣሪያው ሆድ ውስጥ ይተነፍሳል፤ የገላ መታጠቢያው እንፋሎት ሁሉ ቀዝቃዛው ጣውላ ላይ ወደ ውኃ ይለወጣል። አዲስ አበባ መታጠቢያ ቤት መስኮት ይከፈታል፣ አለቀ። ሲያትል ውስጥ ክረምቱን ሙሉ እየዘነበ መስኮት የሚከፍት የለም። ይህ የዕውቀት ጉድለት አይደለም፤ ሌላ አየር ንብረት ውስጥ የሠራ ዓይን ነው። 120ው ሰዓት ስድብ አይደለም ማለት የጀመርኩት ከዚህ ቀን ወዲህ ነው።

አምስተኛው የሐበሻ ቤት ነበር፤ ማለቴ ገዢዎቹ ወጣት ሐበሻ ባልና ሚስት ናቸው። ያገናኛቸው ደላላም የእኛው ሰው ነው፤ ለእኔ ብዙ ደንበኛ ይልካል፤ የኢንጂነሩ ደግሞ የሩቅ ዘመድ ሆኖ ተገኘ። ከቤቱ ጀርባ ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት በረንዳ አለ። ኢንጂነሩ ከሥሩ ገብተው በረንዳውን ከቤቱ ግድግዳ ጋር የያዘውን ጣውላ ከዳር እስከ ዳር በባትሪ አዩት። የተመታው በምስማር ብቻ ነው፤ አንድም ብሎን የለውም። ሰው የሞላበት በረንዳ ከግድግዳው ተላቅቆ የሚወድቅበት የታወቀ መንገድ ይህ ነው።

ደላላው ሳንጨርስ ጠጋ አላቸው። «ጋሼ፣ ልጆቹ ቤቱን በጣም ወድደውታል። ስንት ቤት ተቀድመው ነው ይህን ያገኙት። እባክዎ ትንሽ ለስለስ አድርገው ይጻፉት።»

እኔ መልስ እያዘጋጀሁ ነበር። ገንዘብ ሰጥቶ ደንበኛ ማስላክ በሥነ ምግባር ደንባችን እንደተከለከለ፣ የፈተሽኩትን ቤት እኔም ድርጅቴም ለአንድ ዓመት መጠገን እንደማንችል፣ ሕጉ ይህን ሁሉ ያደረገው ከእንዲህ ያለ ወሬ እንድንርቅ መሆኑን ልዘረዝር ነበር። ኢንጂነሩ ቀደሙኝ፦

«የወደዱትን አላስጠላሁባቸውም። ምስማር አየሁ፣ ምስማር ጻፍኩ።»

ደላላው ሳቀ፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት አንድም ሰው አላከልኝም። ልጆቹ ቤቱን ገዙ፤ ሻጩ በረንዳውን በብሎን አሳስሮ ሰጣቸው። ለእኔ ግን ይህ መጨረሻ አልነበረም፤ ጎድሎብኛል፣ አልደብቅም። ማኅበረሰባችን ትንሽ ነው፤ ደላላውን በየልቅሶው አገኘዋለሁ።

ፈተናው ቀረ። ብሔራዊው ፈተና 200 ባለ አራት ምርጫ ጥያቄ አለው፤ ከእነዚህ 25ቱ ለሙከራ የገቡ ስለሆኑ አይቆጠሩም፤ የትኞቹ እንደሆኑ ግን ተፈታኙ አያውቅም። የተሰጠው ጊዜ 4 ሰዓት ነው፤ ለአንድ ጥያቄ 72 ሰኮንድ። ውጤቱ ከ200 እስከ 800 ባለው መለኪያ ይሰጣል፤ ማለፊያው 500 ነው። የግዛቱን ክፍል በመጀመሪያው አለፉ፤ ጉንዳኑ ከተሰረዘባቸው ወዲህ ያንን ሕግ በቃላቸው ያውቁታል። ብሔራዊውን ወደቁ።

ለሦስት ቀን ስልክ አላነሱም። በአራተኛው ቀን ራሳቸው ደውለው «ና እንይ» አሉኝ። የልምምድ ጥያቄዎችን አብረን ስንሠራ የወደቁበት ቦታ ወዲያው ታየ፤ ቤቱን የሚመለከተው ክፍል ላይ ብርቱ ናቸው። የሚስቱት «ኢንስፔክተሩ ምን ማድረግ አለበት?» የሚለው ላይ ነው። ከምርጫዎቹ አንዱ ሁልጊዜ ጥገና ነው፤ ልኩ የተሰጠ፣ ምክንያቱ የተሟላ፣ ለመሐንዲስ የሚያጓጓ ጥገና። ሌላው ደግሞ «መዝግቦ ለሚመለከተው ባለሙያ መምራት» የሚል ደረቅ መልስ ነው። እሳቸው የሚመርጡት ጥገናውን ነበር። «ይህን ያህል ዓመት የኖርኩት መፍትሔ በመስጠት ነው፤ ‹ሌላ ሰው ይየው› ብሎ የሚፈርም መሐንዲስ እኛ ዘንድ ሰነፍ ይባላል» አሉኝ። ሁለተኛው ችግር ቋንቋ ነበር። እንግሊዝኛቸው ጥሩ ነው፤ ጥያቄውን ግን በልባቸው ወደ አማርኛ መልሰው፣ ኢንቹን ወደ ሴንቲሜትር ቀይረው፣ ከዚያ ነው የሚመልሱት። በ72 ሰኮንድ ይህ ሁሉ አይሆንም።

እንደገና ለመፈተን 30 ቀን መጠበቅ ግዴታ ነው። ኢንጂነሩ ያንን ወር እንዲህ አሳለፉት፦ ታክሲው ውስጥ የኢንች ሜትር አስቀምጠው ተሳፋሪ ሲጠብቁ የመኪናውን በር፣ የቡና ስኒውን፣ የራሳቸውን ጫማ በኢንች ይለኩ ነበር። ማታ ማታ ባለቤታቸው ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ያነቡላቸዋል። የ«ምን ያድርግ» ጥያቄ ላይ ጥገናውን የመረጡ እንደሆነ ባለቤታቸው ወረቀቱን ገልብጠው «አንተ ገዢው ነህ እንዴ?» ይሏቸዋል።

በሁለተኛው አለፉ። ማመልከቻው ተልኮ ፈቃዱ መጣ። ከመጀመሪያው ክፍል ቀን አንስቶ አሥራ አንድ ወር ወስዷል።

አሁን በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቤት ይፈትሻሉ፤ ቅዳሜና እሑድ ታክሲውን አልተዉትም። በየሁለት ዓመቱ ፈቃዱ ሲታደስ 24 ሰዓት ተጨማሪ ትምህርት ይጠበቅባቸዋል፤ ስለዚህኛው አልተሟገቱም። ባለፈው ሳምንት አንድ ሪፖርታቸውን እንዳይ ላኩልኝ፤ ማረም የፈለግኩት አንድ ነጠላ ሰረዝ ብቻ ነው፣ እሱንም ተውኩት።

ቤታቸው ስሄድ ጠረጴዛው ላይ ወፍራም መጽሐፍ ተከፍቶ አገኘሁ። የነፍሳት ሥዕል ሞልቶበታል፤ ክንፍ፣ ወገብ፣ አንቴና። ለግብርና መሥሪያ ቤቱ የተባይ ኢንስፔክተር ፈተና እያጠኑ ነው። አጉሊ መነጽራቸውን አነሱና ከአንድ ብልቃጥ ውስጥ ጥቁር ነገር መዳፋቸው ላይ አፈሰሱልኝ። አንድ ቤት ወለል ሥር ያገኙት ነው፤ ወገቡ የቀጠነ፣ አንቴናው እንደ ክርን የታጠፈ።

«ምስጥ አይደለም፤ የምስጥ ወገብ እንዲህ አይቀጥንም» አሉኝ። «ፈተናውን ሳልፍ የመጀመሪያው ሪፖርቴ ላይ የምጽፈውን ቃል ታውቀዋለህ።»